የ407ቱ ተከራይ

ከዚህ በታች የጻፍኩት ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከዋሸሁ የማስተዳድረው ሕንፃ ቦይለር ጥር አጋማሽ ላይ ይፈንዳብኝ፤ ሦስት መቶ አባወራ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ደጃፌ ላይ ይሰለፍ። ለሕንፃ ሱፐር ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። ሰዎች «ይመር ወሬ ያሳብጣል» ይሉኛል፤ አውቃለሁ፣ ያለ ትንሽ ቅመም ማውራት አልወድም። ይሄኛውን ግን ቅመም አልነካውም፤ ምስክርም አለኝ። እትዬ ኤልፍነሽ በሕይወት አሉ፤ እዚሁ ሕንፃ ላይ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ክፍል 604 ነው የሚኖሩት። ያላመነ ሄዶ ያንኳኳ። ስልክ ግን አይደውል፤ የማያውቁትን ቁጥር አያነሱም።

ለማያውቁኝ ልተዋወቅ። ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ውስጥ፣ ከሐይቁ ትንሽ ከፍ ብሎ በቆመ ባለ ሃያ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሱፐር ነኝ፤ ቧንቧ ሲፈስ፣ ሊፍት ሲቆም፣ አይጥ ሲታይ መጀመሪያ ስሙ የሚጠራው ሰው ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የትኛው ክፍል ውስጥ የትኛው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ እናገራለሁ። አንድ ጊዜ የከተማው ተቆጣጣሪ ሕንፃውን ሊፈትሽ መጥቶ፣ ግማሽ ቀን እኔን እየተከተለ ማስታወሻ ሲይዝ ውሎ፣ ሲሄድ እጄን በሁለት እጁ ነው የጨበጠው። ቲቤታዊው፣ ፊሊፒናዊው፣ የእኛው ሰው፣ ሁሉም በስሜ ያውቀኛል። የባለ አንድ መኝታ ቤት ኪራይ ዛሬ በወር ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዶላር ገብቷል፤ ዋጋውን መቀነስ አልችልም፤ ክፍል ፈልጎ እኔ ጋ የመጣ ሰው ግን ቢያንስ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚሄደው።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ጾም ሦስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስድስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ የተቃጠለ አምፖል እቀይራለሁ። የ604 በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሜሮን ድምፅ ይሰማል። ሜሮን የእትዬ ኤልፍነሽ አንድ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመቷ፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ስልክ ይዛ በእንግሊዝኛ «አታውቅም፤ ማንም አልነገራትም» ትላለች። መሰላሉ ላይ ቀጥ አልኩ። የሰው ስልክ መስማት ነውር ነው፤ ግን መሰላል ላይ የቆመ ሰው ጆሮውን የት ያስቀምጣል? ስልኩን ዘግታ ስትወጣ አየችኝ። አልተቆጣችም። በሩን ከኋላዋ ሳብ አድርጋ ዘጋችና ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ምንጣፉን ታይ ጀመር።

«ጋሼ ይመር፣ ማሚ ካንሰር አላት» አለችኝ። «ኮሎን። ዛሬ ሰርጀኗ ጋ አፖይንትመንት አለን። ማሚ ትንሽ ቁስል ነው ብላ ነው የምታስበው። አንተ ትራንስሌት አድርግላት። ፕሊስ ግን ቃሉን እንዳትላት።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ የእኛን ጠባይ ያውቃል። ያ ቃል በእኛ ቤት አይጠራም። «ያ በሽታ» ይባላል፣ ወይም ደግሞ ምንም ሳይባል ድምፅ ዝቅ ይደረጋል። ሰው ሞቶ እንኳ ለቅሶ ላይ «ትንሽ አሟት ነበር» ነው የምንለው። ቃሉ ከተጠራ በሽተኛው በበሽታው ሳይሆን በቃሉ ይሞታል ብለን እናምናለን፤ ሜሮንም አማርኛዋ ቢሰባበር ይህችን ነገር ከነነፍሷ ወርሳታለች። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ አለው። ነገር ግን ለአማርኛ የሚልኳት ሴት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከመዘምራኑ ፊት የምትቆመው ናት። የሰው ምስጢር አታወጣም፣ ሥራዋም ይከለክላታል፤ ቢሆንም እሁድ እሁድ ዓይኗ ዓይንህ ላይ ሲያርፍ ምን እንደምታውቅ ታውቃለህ። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ። በእርግጥ ቶሮንቶ ውስጥ ካለ ሐበሻ ሁሉ እንግሊዝኛዬ ይሻላል፤ ጠበቆች ሳይቀሩ ደብዳቤያቸውን አስነብበውኛል። «ተይው ለእኔ» አልኳት። አምፖሉን ሳልጨርስ ወረድኩ፤ ያ ቦታ እስከ ማግሥቱ ጨለማ ነበር።

እትዬ ኤልፍነሽን ላስተዋውቃችሁ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት በሱዳን በኩል አድርገው እዚህ አገር ገቡ፤ ሃያ ስድስቱን ዓመት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ ሲያጸዱ ኖሩ። ተራ ላቦራቶሪ አይደለም፤ ከሰው ገላ የወጣ ሥጋ በስሱ ተሸርክቶ፣ ቀለም ጠጥቶ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚታይበት ነው። ወለሉን ይወለውላሉ፣ ቆሻሻውን ይደፋሉ፣ ሐኪሞቹም ሲያወሩ ዝም ብለው ይሰማሉ። ጡረታ ሲወጡ ሐኪሞቹ ኬክ ቆረሱላቸው። አንዱ ሐኪም የእሳቸው ዓይን ከአንዳንድ ተማሪዬ ዓይን ይበልጣል ብሎ በማይክ ተናግሯል፤ ይሄን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፣ ሜሮን ናት፤ እሳቸውማ ስለ ራሳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ከተናገሩ ሁለተኛው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ አንድ ቧንቧ ጠግኜ ለዓመት አወራለሁ፤ እሳቸው አንድ ዕድሜ ሙሉ ሠርተው ዝም።

ስትሪትካር፣ መንገድ ለመንገድ የሚሄደውን የከተማ ባቡር፣ ይዘን ወደ መሀል ከተማ ሄድን። እትዬ ኤልፍነሽ በመስኮቱ በኩል፣ ሜሮን መሀል፣ እኔ ዳር። ሐምራዊ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ስለ ቃሪያ አወራን፤ ዳንፎርዝ ላይ ኪሎው ዘጠኝ ዶላር መግባቱን፣ ባለሱቁም ሳያፍር ጠውልጎ የቆየውን እየሸጠ መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ ስለ ሦስተኛው ፎቅ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠየቁኝ። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። የሰዎች ዝምታ ብዙ ዓይነት ነው፤ ይሄኛው ሦስት ሰው አንድ ዕቃ ከአንድ ጨርቅ ሥር ደብቆ ሦስቱም ጨርቁን እንዳላየ የሚሆንበት ዓይነት ነበር። ሜሮን ስልኳን እያበራች ታጠፋለች። እኔም ሌሊቱን ዓይኔን ስላልከደንኩ ስትሪትካሩ በቆመ ቁጥር ከእንቅልፍ እባንናለሁ። በሽታው እንዴት እንደተገኘ ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ በጥር ወር ውስጥ አራት ሊትር ፈሳሽ ተጠጥቶ፣ አንጀት ታጥቦ፣ በካሜራ ታየ። ያ ፈሳሽ የሎሚ ጣዕም አለው ይላሉ። ውሸት ነው፤ የባሕር ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ካልሲ ጣዕም ነው ያለው። እንዴት አወቅህ አትበሉኝ። ሱፐር የማያውቀው ነገር የለም።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ወንበር ሃምሳ ዓይነት ሰው ይዟል። ሁሉም በአንድ ጉዳይ የመጣ ነው፣ ማንም ግን ስለዚያ ጉዳይ አያወራም፤ ያኔ ነው ነጮቹም እንደኛ መሆናቸውን ያየሁት። አንድ ቡና ሦስት ዶላር ከሃምሳ፣ የውሻ አልጋ የሚያህል ሙፊን የሚሉት ኬክ አምስት ዶላር። ጾም ስለሆነ ሁሉንም አልነካንም። ስም ሲጠራ ተነሣን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ነጭ ወረቀት የተነጠፈባት አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳ ላይ የሐይቅ ሥዕል። ወረቀቱ ከጀርባ ሲንኮሻኮሽ ብርዱ ከሸሚዝ ውስጥ ያልፋል። ሰርጀኗ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ፣ ገባች፤ ቁመቷ ከመጥረጊያዬ ዘንግ ያነሰ፣ የላስቲክ ጫማ ያደረገች፣ ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው የተቆረጡ። ወንበሯን ጎትታ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች፤ ከአልጋው ጫፍ ላይ ወረቀቱን ቀደደችና በሰማያዊ እስክሪብቶ ትልቁን አንጀት ሳለችው። ምን ሳለችው ልበል፣ ወለደችው። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ ቦይለር ክፍሉ ውስጥ ለጥፌዋለሁ።

በግራ በኩል መታጠፊያው ላይ ክብ አደረገች። የትንሽ ሎሚ ያህል ነው አለች። ሲጀምር ምናልባት ከአሥር ዓመት በፊት የምስር ፍሬ የማታህል እባጭ ነበረች አለች። ስካኑ ላይ ጉበቱ ንጹሕ ይመስላል፤ ስለዚህ ሳይዛመት ቆርጠን እናውጣው፤ በዚህ ወር በሃያ ሰባተኛው ቀን አንድ ቦታ አለኝ፤ ዛሬ ከተፈረመ ይያዛል አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ሜሮንም ወደ እኔ ዞረች። አሁን ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ ያንን ሁሉ ሥዕል፣ ያንን ሁሉ ዕውቀት ጨምቄ እንዲህ አልኩ፦ «እትዬ፣ አንጀትዎ ላይ ትንሽ ቁስል አለች ነው የምትለው። ቆርጠን እናውጣት ትላለች።»

እትዬ ኤልፍነሽ ሥዕሉን አዩት። «ለትንሽ ቁስል ሆድ ይቀደዳል እንዴ?» አሉ። ቁስል ከሆነማ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ይጠጣል፤ ሁዳዴን ጾመን፣ ፋሲካን ውለን፣ ያኔ ካልሻረ እንነጋገራለን፤ ሴትዮዋን እግዜር ይስጥሽ በላት አሉና ቦርሳቸውን አነሡ። ትክክል ናቸው። እኔ የነገርኳቸው ነገር ፌጦ የሚያድነው ነገር ነበር። መልሱን ስተረጉም ሰርጀኗ እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ ከተተችው። ምን እንዳለባቸው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። ሜሮን የሐይቁን ሥዕል ማየት ጀመረች። ያላወቀ ሰው አላስፈርምም አለች ሰርጀኗ። የሃያ ሰባቱን ቦታ ዛሬ ካልያዝነው ለሌላ በሽተኛ ይሄዳል፤ ቀጣዩ ከስምንት ሳምንት በኋላ ነው፤ ስምንት ሳምንት ውስጥ ጉበቱ እንደ ዛሬው እንደሚቆይ ቃል ልገባላችሁ አልችልም አለች። ስምንት ሳምንት። እኔ ስለ ሕንፃ አውቃለሁ፤ በስምንት ሳምንት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

«እስቲ ስሙኝ» አልኩ። «የምኖርበትን ሕንፃ ታውቁታላችሁ። ሰውነት እሱ ነው በሉ።» ከዚያ በኋላ ያለውን ማን እንደሰጠኝ አላውቅም።

ሕንፃው ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ክፍል አለ፤ በየክፍሉ አንድ ተከራይ። እያንዳንዱ ተከራይ የቤቱ ደንብ የተጻፈበት መጽሐፍ አለው፤ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ ራሱን እንደሚተካ፣ ጊዜው ሲያልቅ እንዴት ክፍሉን እንደሚለቅ ተጽፎበታል። ሲተካ መጽሐፉን ፊደል በፊደል ገልብጦ ለተተኪው ይሰጣል። ሦስት ቢሊዮን ፊደል ነው፤ ይሄን እኔ አላሳበጥኩትም፣ ቁጥሩ ራሱ ነው እንዲህ ያለው። ሲገለበጥ ፊደል ይሳሳታል። አራሚዎች አሉ፤ አንብበው ያስተካክላሉ፤ ማስተካከል ያቃታቸውን ተከራይ ራሱን እንዲያስወጣ ያዙታል፤ እሱም ያለ ጭቅጭቅ ይወጣል። እንዲህ ያለ አስተዳደር የትም የለም። እኔ አንድ ተከራይ ለማስወጣት ፍርድ ቤት ስምንት ወር እጠብቃለሁ፤ ሰውነት በየቀኑ ቢሊዮኖችን በሰላም ይሸኛል። ነገር ግን አንዳንዷ ስህተት ታልፋለች። አንዷ ብቻዋን ምንም አታደርግም። በስህተት ላይ ስህተት እየተደረበ ዓመታት ሲያልፉ፣ ክፍል 407 ውስጥ ካለው ሰውዬ መጽሐፍ ላይ ሁለት ገጽ ይጠፋሉ፤ «አሁን ይበቃል» የሚለውና «ጊዜህ አልቋል፣ ልቀቅ» የሚለው።

ሰውዬው ከውጭ የገባ ሌባ አይደለም። የራሳችን ተከራይ ነው፤ ለዓመታት በሥነ ሥርዓት የኖረ። አሁን ግን አይለቅም፤ ራሱንም መተካት አያቆምም። የወለዳቸውም መጽሐፋቸው ውስጥ እነዚያ ሁለት ገጾች የሉም። አራት ይሆናሉ፣ ስምንት ይሆናሉ፣ ክፍሉ ይጠባል። አይጮኹም፣ አያምሙም፤ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ማንም አያውቅም። ሲርባቸው ለዋናው የውኃ መስመር «አየር አጠረን፣ ውኃ አጠረን» ብለው ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ የቧንቧ ሠራተኞቹም የዋሆች ናቸው፣ አምነው አዲስ ቧንቧ ይዘረጉላቸዋል። ከዚያ ግድግዳውን ይፈነቅሉና 408 ይገባሉ። ግድግዳው ከተፈነቀለ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፍሳሹ ነው፤ በፍሳሹ መስመር ላይ ማጥለያዎች አሉ፣ እኛ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው፤ የሚያመልጠው መጀመሪያ እዚያ ይያዛል። ሁለተኛው ሊፍቱ ነው፣ ደሙ። ከአንጀት የተነሣ ሊፍት ደግሞ መጀመሪያ የሚቆመው ጉበት ፎቅ ላይ ነው።

እትዬ ኤልፍነሽ ቦርሳቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ጥያቄያቸውን ሰምቶ የማይደነቅ ሰው የለም፤ ሰርጀኗ ራሷ ስተረጉምላት ቅንድቧን አነሣች። ጥበቃዎቹ የት ሄደው ነው ብለው ጠየቁ። ጥበቃዎቹማ አሉ አልኳቸው፣ በየኮሪደሩ ይዞራሉ፣ ብዙውን ቀን ብዙውን አጥፊ ይዘዋል፤ ይሄኛው ግን የቤቱን ልጅ ፊት ለብሷል፣ በአጠገባቸው ሲያልፍ ሰላም ብለውት ነው የሚያልፉት። ሊፍት ውስጥ የገባ ሁሉ ይደርሳል ወይ አሉ። አይደርስም፤ አብዛኛው እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ተጨፍልቆ ይሞታል፣ ከደረሰውም አብዛኛው የማያውቀው ፎቅ ላይ በር የሚከፍትለት አጥቶ ይሞታል፤ ከአሥር ሺህ አንዱ ግን በር ያገኛል። ጉበት ከገባ በኋላስ የጉበት ሰው ይሆናል ወይ አሉ። አይሆንም፤ የትም ፎቅ ቢገባ የ407 ሰውዬ ነው፣ ጠባዩም መድኃኒቱም የ407 ነው። ከዚያ ሥዕሉን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ዛሬ የት ነው ያለው?» አሉ በመጨረሻ።

ዛሬ ግድግዳውን እየቆፈረ ነው። ምናልባት ማጥለያ ላይ ደርሷል። ሊፍቱ ጋ ገና ይመስላል። ሰርጀኗ የምትለው ክፍሉን ከነግድግዳው፣ ከነፍሳሹ፣ ከነማጥለያው ነቅለን እናውጣው፤ ማጥለያዎቹን አንድ በአንድ ቆጥረን እንያቸው፤ የሸሸ ካለ በየፎቁ እየዞረ የሚፈልገው መድኃኒት እንስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ስናወራ ቃሉ አልተጠራም። ሦስታችንም ዙሪያውን ዞርነው፣ በሩ ላይ ቆምን፣ አላንኳኳንም። ሜሮን ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ፣ በሕይወቴ ቃል አጥሮኝ የማያውቀው ይመር፣ ያቺን አንዲት ቃል ምላሴ ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ። ያኔ ነው እትዬ ኤልፍነሽ ቀና ያሉት። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ቲማቲም ሲመርጡ ያላቸው ፊት ነው።

«ካንሰር ነው» አሉ። «ካንሰር ነው ያለብኝ። ወረቀቱን አምጪው።»

ሃምሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ድንበር በእግሩ ያቋረጠ ሰው አውቃለሁ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ ሰው ያወጣ አውቃለሁ። ከዚያች ቃል የሚበልጥ ጀግንነት አላየሁም። አንድ ሰው ገና በአፉ ያልጠራትን ነገር ስሟን ጠርቶ ፊቷን ሲያይ ማለት ነው። ፈረሙ። ሰርጀኗ ተነሥታ አጨበጨበች፤ ከውጭ ያሉት ነርሶች ሰምተው ገቡ፤ አንዷ «ይህን ማብራሪያ ለሌሎች በሽተኞች እንጠቀምበት፣ ፈቃድህን ስጠን» አለችኝ፤ ካርዷን ሰጠችኝ፤ ካርዱ ጠፍቶብኝ እንጂ አሳያችሁ ነበር።

ስንመለስ ብሉር ላይ ወርደን አንድ ምግብ ቤት ገባን። የጾም በያይነቱ ለአንድ ሰው ሃያ አንድ ዶላር፤ ሁለት አዘን ለሦስት ተቀመጥን። ማንም ስለ ጠዋቱ አላነሣም። ሜሮን በስልኳ ቀኑን መዘገበች፣ ከዚያ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ለቃ ስታስቀምጥ ያየኋት ያኔ ነው። እትዬ ኤልፍነሽ ከሽሮው ጠቅልለው ጉርሻ አጎረሱኝ፤ ከራሳቸው ልጅ በፊት፣ ሁለት ጊዜ። ለምን ለእኔ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጎረስኩ፣ ዓይኔ ግን ቃሪያው አቃጥሎት ነው መሰለኝ ውኃ ሞላ።

በሃያ ሰባት ሆድ ተከፈተ። አራት ሰዓት ፈጀ። ሃያ አንድ ማጥለያ ቆጠሩ፣ ሁለቱ ውስጥ የ407 ሰዎች ተገኙ። ጉበቱ ንጹሕ ነው። የሸሹትን ለማደን በየአሥራ አምስት ቀኑ መድኃኒት ይሰጣል፤ አሥራ ሁለት ዙር ነው፣ ስድስቱ አልቋል። መድኃኒቱ ከባድ ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር መንካት፣ ቀዝቃዛ መጠጣት አያስችልም፣ ጣት በኤሌክትሪክ እንደተያዘ ይነዝራል። ታዲያ እትዬ ኤልፍነሽን እዩዋቸው፤ ባለፈው ሳምንት ሊፍቱ ቆሞ፣ ሁለት ከረጢት ሽንኩርት ተሸክመው በደረጃ ስድስተኛ ፎቅ ሲወጡ አጅቤያቸዋለሁ። እኔ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንሽ አረፍ አልኩ፤ እሳቸው አልቆሙም። ከስድስት ዙር በኋላ እንዲህ ያለ በሽተኛ በሰሜን አሜሪካ ይኑር አይኑር እጠራጠራለሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ ምስክር ብዬ ስማቸውን ከጠራሁ ላነብላቸው ይገባል ብዬ ትናንት 604 ሄድኩ። ሐምሌ ነው፣ ሙቀቱ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ። የሱፍ ጓንቴን አድርጌ ነበር፤ የእሳቸው ማቀዝቀዣ እጀታው ብረት ነው። በረንዳው ላይ በበሶብላው ማሰሮዎች መሀል ተቀምጠው ጎመን ከአገዳው ይለያሉ። ሞቅ ያለ አጥሚት በብርጭቆ ፊቴ አስቀመጡልኝና «አንብብ» አሉ። ከመሐላው ጀምሬ እስከ ሽንኩርቱ ከረጢት አነበብኩ፤ ድምፄንም ከፍ ዝቅ እያደረግኩ። እሳቸው ቀና አላሉም። ሳበቃ አንድ ቅጠል አንሥተው በብርሃኑ አዩት፣ የተበላችውን ጠርዝ በጥፍራቸው ቀነጠቡ።

«ሕንፃው አሥራ አንድ ፎቅ ነው» አሉ።

አስተካክላለሁ አልኩ።

«ዶክተሯም አላጨበጨበችም። ሰዓቷን ነው ያየችው፤ ውጭ ሌላ ሰው ይጠብቃት ነበር።»

እሺ አልኩ። ታች መንገድ ላይ ስትሪትካሩ ደውሉን መታ። ጎመኑን ጨርሰው እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ባለው ፎጣ ጠረጉ፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብለው።

«ይመር» አሉ፣ እንደ ሁልጊዜው ድምፃቸው ዝቅ እንዳለ። «እኔ አንጀቴን ታምሜ አላውቅም። ያን ጠዋት በሬን አንኳኩተህ፣ እርስዎና ሜሮን አብራችሁኝ ሂዱ፣ ቃሉን ግን እንዳትጠሩብኝ ያልከው አንተ ነህ። አልጋው ላይ የነበርከውም አንተ፣ ፌጦ እጠጣለሁ ያልከውም አንተ። እዚያ እንግሊዝኛው ጠፋብህ፤ ላቦራቶሪ ሳለሁ የሰማሁትን በሕንፃህ አስመስዬ ነገርኩህ። በሽታህን ለእኔ ብትሰጠኝም፣ የነገርኩህን የራስህ ብታደርገውም ግድ የለኝም፤ ሰው እንደሚመቸው ያወራል።»

አጥሚቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ቃሉን ግን አንተ ነህ የጠራኸው፤ እኔ እስክሪብቶውን ነው ያቀበልኩህ። በዚህ ሁሉ ጉራህ መሀል የራስህ የሆነችውን አንዷን ለእኔ ሰጠኸኝ። እሷን መልሰህ ጻፋት። በል ሳይቀዘቅዝ ጠጣ፤ ሐሙስ ሰባተኛው ዙርህ ነው።»